መጋቤ ክኒን ሃድጉ እና የአስኳሉ ነገር

አቶ ሃድጉ አስገዶም መድኃኒት ቤታቸውን ከከፈቱበት ቀን አንሥቶ አንድም የእግዚአብሔር ፍጡር ሳይገባው ክኒን እንዲውጥ ፈቅደው የማያውቁ፣ በዚህም አቋማቸው ጸንተው የኖሩ ሰው ናቸው።

መንግሥት ለየሰፈሩ ቀበሌና የውኃ ቧንቧ ሲያድል፣ ፈጣሪ ደግሞ በበኩሉ ለየሰፈሩ አንዳንድ አስረጂ አድሏል። አንባቢ ሆይ፣ በሰፈርህ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ። አምፖል ልትገዛ ገብተህ የኤሌክትሪክ መብራት ወደ ከተማችን እንዴት እንደ ገባ ተምረህ የምትወጣበት ባለ ሱቅ እርሱ ነው። የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት አቅጣጫ ስትጠይቀው፣ ቀበሌው ከመሠራቱ በፊት በቦታው ማን ይኖር እንደ ነበር፣ ያ ሰውም ከማን ጋር በድንበር ይካሰስ እንደ ነበር የሚተርክልህ ጡረተኛም እርሱ ነው። ለእኛ ለቂርቆስና ለካዛንቺስ ሰዎች የታደሉን አስረጂ ግን ከሁሉም ይልቃሉ። አቶ ሃድጉ የሚያስረዱት መንገድና አምፖል አይደለም፤ የገዛ ሰውነታችንን ነው።

እኔ በዜማ ቤት ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ የተማረ ሰውን ያለ ማዕረግ መጥራት አይሆንልኝም። ስለዚህ «መጋቤ ክኒን» ብዬ ሾምኋቸው። ሹመቱን ሲሰሙ አልተቆጡም። «መጋቤ» የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣ ለእኔ ለዜማ ቤቱ ሰው በዝርዝር አስረዱኝ እንጂ።

የተዋወቅነው በ1993 ዓ.ም. ነው። ክንዴን የሚያሳክክ ነገር ይዞኝ የሐኪም ወረቀት ጨብጬ ካዛንቺስ ካለው መድኃኒት ቤታቸው ገባሁ። ቅባቱን ከመደርደሪያው አወረዱት፤ ነገር ግን አልሰጡኝም። በሁለት እጃቸው ይዘው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«የኔታ፣ ይህ ቅባት ምን እንደሚሠራ ያውቃሉ?»

«ማሳከኩን ያስታግሣል።»

«አላወቁም ማለት ነው። ሳይገባዎት አይቀቡት።»

ይህች ቃል የእርሳቸው ማኅተም ናት። ክኒን ከሆነ «ሳይገባዎት አይውጡት» ይላሉ፤ መርፌ ከሆነ «ሳይገባዎት አይወጉት»። ከዚያም ማስረዳት ጀመሩ። በሰውነታችን ባለች በእያንዳንዷ ሕዋስ መካከል ሰውነታችን ሁሉ የተጻፈበት መጽሐፍ አለ አሉ። መጽሐፉን ማንም እንዳሻው አይገልጠውም፤ የተሾሙ ገላጮች አሉት። ስማቸው ኒውክለር ሪሴፕተር ነው፤ ቁጥራቸውም አርባ ስምንት። ብዙው መድኃኒት ከሕዋሷ ደጅ ቆሞ ያንኳኳል፤ እነዚህን ፈልጎ የሚመጣ መድኃኒት ግን ዘልቆ ይገባል፤ ገላጩንም አግኝቶ «ይህን ገጽ ግለጥ» ወይም «ይህን ገጽ ዝጋ» ይለዋል።

«የእርስዎ ቅባት» አሉኝ፣ «የቁጣውን ገጽ የሚያስዘጋ ነው።»

ይህ በበቃኝ ነበር። እርሳቸው ግን አርባ ስምንቱን በየስማቸው ይቆጥሩልኝ ጀመር። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ማሳከኩ ራሱ ተወኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ መድኃኒት፣ ስማቸውና የቤታቸው እንጀራ አንድ የሆነላቸው ቅን ሴት፣ ከጓዳው ብቅ ብለው «ሃድጉ፣ ሰውየው ቆሞ አረጀ፤ ስጠውና ይሂድ» ባይሉ ኖሮ ያን ዕለት ምሳዬን እዚያው በበላሁ።

አቶ ሃድጉ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁት በእነዚህ አርባ ስምንት ገላጮች ላይ ጽፈው ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ማናቸውም ሕመም ቢመጣ ከበስተኋላው እነርሱን ያያሉ። የእንቅርት ክኒን ይዛችሁ ብትወጡ ከእነርሱ አንዱን፣ ልብ ለደከመበት ሰው የታዘዘ ክኒን ብትጠይቁ ሌላውን፣ ለስኳር በሽታ ብትመጡ ሦስተኛውን ያነሡላችኋል። በጣም የሚያናድደውም ነገር ሐኪሞቹን ብትጠይቁ እውነታቸውን ሆኖ መገኘቱ ነው።

ከለገሃር ካዛንቺስ የሚመላለሰው ባለ ሚኒባስ ያደታ አስም አለበት። አንድ ቀን መኪናውን ሙሉ ሰው ጭኖ ሳለ የሚነፋው መድኃኒት አለቀበትና በሩ ላይ አቁሞ ሮጦ ገባ።

«ጋሼ ሃድጉ፣ በቃ ቶሎ ስጡኝ፤ ሰው ጭኛለሁ።»

«ይግቡና እነርሱም ይስሙ። አስም የሌለበት ዘመድ ማን አለው?»

ተሳፋሪዎቹ አሥር ደቂቃ ጠብቀው ሊቆጡ ወረዱ። ከእነርሱ መካከል ቦርሳ የያዘ አንድ የቢሮ ሰው ባለማወቅ «ማለቴ፣ ስፕሬዩ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል?» ብሎ ጠየቀ። ለአቶ ሃድጉ ጥያቄ ማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ያውቃል፤ ያ ምስኪን ግን መንገደኛ ነበር። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ አሥራ ሁለት ተሳፋሪ ስለ ሳንባው አውቆ፣ ግን ለሥራው ዘግይቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ያደታ መድኃኒት ሲያልቅበት ሰው ሁሉ ወርዶለት ባዶ መኪና ይዞ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስጽፍ የምስቅባቸው መስሎ እንዳይታይ፣ ወደ እህቴ ወደ ስመኝ ነገር ልለፍ።

ስመኝ ታናሽ እህቴ ናት። ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምራ ጡረታ የወጣች፣ ባሏን ከቀበረች ወዲህም ቂርቆስ ባለው ቤቴ ከእኔ ጋር የምትኖር ሴት ናት። በ1997 ዓ.ም. በጡቷ ላይ ካንሰር ተገኘባት፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። የተቆረጠውም ሥጋ ከተመረመረ በኋላ ሐኪሙ አንዲት ትንሽ ነጭ ክኒን አዘዘላት። በየቀኑ አንዲት፣ ለአምስት ዓመት። «በሽታው እንዳይመለስ በሩ ላይ የምትቆም ዘበኛ እርሷ ናት፤ ማቋረጥ የለም» አላት። እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጸሎቴ ሁሉ መጨረሻ ላይ የምጨምራት ልመና ያቺ ነበረች፤ እግዚአብሔር አምስቱን ዓመት እንዲያስፈጽማት።

ክኒኗን በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ ከአቶ ሃድጉ ትወስዳለች። እርሳቸውም መጀመሪያ በሄደችበት ቀን፣ እንደ ልማዳቸው፣ ክኒኗ የምትሠራው በኒውክለር ሪሴፕተር ላይ መሆኑን አስረዷት። ስመኝ ከንግግሩ ሁሉ ይዛ የወጣችው «ኒውክለር» የምትለውን ቃል ነበር። ወራቱ ደግሞ ራድዮው ጠዋት ማታ ስለ ኒውክለር መሣሪያ የሚያወራበት ነበር። ነገሩን በጽዋ ማኅበሯ አነሣችው፤ በሳምንቱም ሰፈሩ «ስመኝን ቦምብ እያስዋጧት ነው» ይል ጀመር። ጎረቤታችን አምሳለ በማኅበሩ ከጎኗ መቀመጥ ትታ ወደ በሩ ተጠጋች።

«አምሳለ፣ ምነው ራቅሽኝ?» አለቻት ስመኝ።

«ምንም፤ ነፋሻ ቦታ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

ይህ ወሬ አቶ ሃድጉ ዘንድ ደረሰ፤ እጅግም አሳዘናቸው። «የተሳሳትኩት በባዕድ ቃል በመናገሬ ነው» አሉ። ለሳምንታት መጻሕፍት አገላበጡ። በመጨረሻ ከአንድ አሮጌ የተማሪ መጽሐፍ የሚፈልጉትን አማርኛ አገኙት። በሕዋሷ መካከል ያለው፣ ፈረንጅ ኒውክለስ የሚለው ነገር፣ በአማርኛ «አስኳል» ይባላል። ሪሴፕተር ደግሞ ተቀባይ ነው። በየካቲት 1998 ዓ.ም. ለስመኝ ወርኀዊ ክኒኗን ሲሰጧት በትንሿ የወረቀት ከረጢት ላይ በዚያ ባማረ እጅ ጽሑፋቸው «የአስኳል ተቀባይ ክኒን፤ በቀን አንድ» ብለው ጻፉላት። ቦምቡ ከሰፈራችን ተወገደ፤ እርሳቸውም ደስ አላቸው።

ቀኑ የካቲት 21 ነበር። ሁዳዴ ከገባ በማግሥቱ።

ወሩ አለፈ። መጋቢት 21 ስመኝ ወደ ካዛንቺስ አልሄደችም። በማግሥቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው የቤታችንን በር አንኳኳ። አቶ ሃድጉ ነበሩ። በሥራ ቀን መድኃኒት ቤታቸውን ዘግተው፣ እስከ ቂርቆስ በእግራቸው መጥተው ነው። በመንገድ ያያቸው ሰው ሁሉ ማን ሞተ እያለ ይጠይቅ ነበር።

«እትዬ ስመኝ፣ ትናንት ማርያም ነበረች» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ነበረች። ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ።»

«እኔ ዘንድ አልመጡም።»

«ክኒኑ አላለቀብኝም፤ ለምን እመጣለሁ?»

«እንዴት አያልቅም? ሠላሳ ነው የሰጠሁዎት።»

ስመኝ ተነሥታ ከዳዊቷ ሥር የወረቀቷን ከረጢት አመጣችና በመዳፋቸው ላይ አኖረችው። አንዲትም አልጎደለችም። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርኩ አላየሁም ነበር።

«ለምን?» አሏት።

«አንተው ነህ የጻፍክበት። አንብበው።»

አነበቡት። «የአስኳል ተቀባይ ክኒን። ታዲያ?»

«ታዲያ? ሁዳዴ ነው። በሁዳዴ የእንቁላል አስኳል ያለበት ነገር በአፌ አላስገባም። ለፋሲካ እቀጥለዋለሁ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።»

አቶ ሃድጉ ቃል ሲያጡ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

እኔ ግን ተናገርሁ። «ስመኝ፣ የነፍስ አባትሽን አባ ወልደአማኑኤልን ለምን አልጠየቅሽም? ለሕመምተኛ ይፈቅዳሉ እኮ።»

«እንደሚፈቅዱልኝ አውቃለሁ ጋሼ። ስለሚፈቅዱልኝ ነው ያልጠየቅኋቸው።»

እህቴ እንዲህ ያለች ሴት ናት። ፈቃድ የምትፈልገው ለሌላ ሰው ነው።

አቶ ሃድጉ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ጀመሩ። «እትዬ ስመኝ፣ የሕዋስ አስኳል ሌላ ነው፤ የእንቁላል አስኳል ሌላ። ሕዋስ ማለት—»

«ሃድጉ፣ ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። አስኳል ምን እንደሆነ አትነግረኝም። አለ ወይስ የለም?»

«የሕዋሱ አለ፤ ግን—»

«አለ ማለት ነው።»

በዚህ ጊዜ ነገሩ የሳይንስ ሳይሆን የቃል ጠብ መሆኑ ገባኝ። የቃል ጠብ ደግሞ ያደግሁበት ነው።

«ይቆዩ አቶ ሃድጉ» አልኋቸው። «ተቀባይ ያሉት ምኑን ነው የሚቀበለው?»

«ሆርሞኑን። በሴት ሰውነት የሚመነጨውን።»

«ተቀብሎስ?»

«ሕዋሷ እንድትባዛ ያዛል። ካንሰሩ የሚያድገው በዚያ ትእዛዝ ነው።»

«እንግዲያው ሆርሞኑ መሪ ነዋ። በማኅሌት መሪው ያነሣል፤ ተቀባዩ ይቀበላል። መሪው ካላነሣ ተቀባይ አፉን አይከፍትም።»

አቶ ሃድጉ ከወንበራቸው ተነሡ። «የኔታ፣ ልክ ነው። በትክክል እንዲያ ነው።»

«ክኒኗስ የት ትገባለች?»

«ክኒኗ የመሪውን ቦታ ትይዛለች። ቦታው የሚበቃው ለአንድ ብቻ ነው። ቦታውን ትይዛለች፤ ግን አትመራም።»

ይህን ሲሉ ለብዙ ዓመት የቀበርሁት አንድ ነገር ከውስጤ ተነሣ። «ስመኝ» አልኋት፣ «የ1958ቱን የጥር ቂርቆስ ታስታውሻለሽ?»

ስመኝ ሳቋን ለመያዝ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። አንባቢ ያላወቀው ነገር እንዳይኖር እኔም ልናዘዝ። ያን ዕለት ወጣት ሳለሁ እንድመራ ታዘዝሁ። መቋሚያዬን ተደግፌ፣ ጸናጽሌን ይዤ በመሪው ስፍራ ቆምሁ። ዜማው ከራሴ ላይ በርሮ ጠፋ። በስፍራው የቆምሁት እኔ ስለሆንኩ ሌላ ሰው ሊያነሣው አልቻለም፤ እኔም አላነሣሁትም። አርባ የሚሆኑ ካህናት በቀኝና በግራ ቆመው አፌን አፌን ያዩ ነበር። ስመኝ ከሴቶቹ ወገን ሆና አይታኛለች።

«ምን ያህል ጊዜ ቆምህ ጋሼ?»

«እኔ እንጃ። ለእኔ ግን ሙሉ ዓመት ነበር።»

«ከበሮ መቺው እንኳ አንቀላፍቶ ነበር እኮ።»

«እንግዲህ ይህች ክኒን» አልኋት፣ «የዚያን ዕለት እኔ ናት። በመሪው ስፍራ ቆማ ዝም ትላለች። እውነተኛው መሪ ይመጣል፤ ስፍራው ተይዞ ያገኘዋል፤ ይመለሳል። ተቀባዩም ሲጠብቅ ይውላል። አስኳል የተባለው ማኅሌቱ የሚቆምበት ቦታ ነው፤ በአንቺው ሰውነት ውስጥ ያለ ነው። ክኒኗ ውስጥ እንቁላል የለም።»

ስመኝ ሳቋን ገታች። ከረጢቷን ከአቶ ሃድጉ መዳፍ ወስዳ አንዲት ክኒን አወጣችና በሁለት ጣቶቿ መካከል ይዛ አየቻት። ስታሸንፍም ስትሸነፍም ፊቷ አንድ ነው፤ እኔ ግን አውቃታለሁ። ረትተናታል።

አቶ ሃድጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

በዓይኔ ለመንኋቸው። በልቤም «ጌታ ሆይ፣ አፋቸውን ያዝልኝ» አልሁ። አልያዘልኝም፤ ለምን እንዳልያዘልኝ ኋላ ነው የገባኝ።

«እትዬ ስመኝ፣ አንድ ነገር አለ» አሉ። «እንቁላል የለባትም። ነገር ግን ክኒኗ እንድትጠጥር የሚጨመር ስኳር አለ፤ ከወተት የሚወጣ ስኳር። በጣም ጥቂት ነው፤ በምላስ አይቀመስም። ቢሆንም አለ። ሳይገባዎት አይውጡት።»

በዕድሜዬ ሙሉ ሰው ለመምታት የተመኘሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለአባ ወልደአማኑኤልም ተናዝዤበታለሁ።

ስመኝ ወደ አቶ ሃድጉ ዞረች።

«አልጠየቅሁህም ነበር።»

«አልጠየቁኝም።»

«ባትነግረኝ አላውቀውም ነበር።»

«አያውቁትም ነበር።»

«ታዲያ ክኒኑን እንድውጥ አይደለም እንዴ ሥራህን ዘግተህ የመጣኸው? ለምን ነገርከኝ?»

አቶ ሃድጉ መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ፊታቸው የደከመ ሰው ፊት ነበር። «ነገ ከሌላ ሰው ቢሰሙት ስለ መሪውና ስለ ተቀባዩ የነገርንዎትንም አያምኑኝም። የቀረዎት አራት ዓመት ከአራት ወር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሊያምኑኝ ይገባል።»

ስመኝ ክኒኗን ወደ ከረጢቷ መለሰቻት።

«አሁን ጾም ላይ ነኝ» አለች። «ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እወስዳታለሁ። ስለዚያች ጠብታ ስለማታህል ወተት ለአባ እነግራቸዋለሁ፤ የሚያዙኝን እሰግዳለሁ። የሚጎዳውን ነገር ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው የሰጠኝን መድኃኒት ግን አልተውም።» ከዚያም ወደ ወንበሩ አመለከተች። «አንተም ተቀመጥ። በዓይንህ አይተህ ትሄዳለህ።»

ስለዚህ አቶ ሃድጉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጡ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አርባ ስምንቱን ሁሉ ሰማሁ፤ በየስማቸው፣ በየሥራቸው፣ በየመድኃኒታቸው። አላማረርሁም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እህቴ አማተበች፤ ክኒኗንም በውኃ ዋጠች። የአቶ ሃድጉ ዓይን ጉሮሮዋን እስኪያልፍ ተከተላት።

አባ ወልደአማኑኤል ነገሩን ሲሰሙ «መድኃኒት መብል አይደለም፤ ይህን ኃጢአት ብለሽ አታምጪብኝ» አሏት። እርሷ ግን በገዛ ፈቃዷ ሰገደች። ከዚያ ወዲያ በየሁዳዴው ክኒኗን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወሰደች። ሙቀት በድንገት ፊቷ ላይ እየወጣ ሲያስጨንቃት ወሰደች፤ አጥንቷን ሲያማት ወሰደች። ከተማው በሙሉ የሁለት ሺህን ዘመን መለወጫ ሲያከብርም ክኒኗን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው መስቀል አደባባይ የወጣችው።

ሐምሌ 2002 ዓ.ም. ሐኪሙ የመጨረሻውን የምርመራ ወረቀት አንብቦ «ወይዘሮ ስመኝ፣ አምስቱን ዓመት ጨርሰሻል፤ ምንም የለም» አላት። ከሐኪሙ ዘንድ በቀጥታ ወደ ካዛንቺስ ሄድን፤ ታክሲ አልፈለገችም። አንገቷን ቀና አድርጋ በመንገዱ መካከል ትሄድ ነበር፤ እኔም እንደ አጃቢ ከኋላ ከኋላ።

መድኃኒት ቤቱ ስንደርስ አንዲት ሴት ያችኑ ክኒን ይዛ ቆማለች። ከቡልጋሪያ ሰፈር የመጣች ናት፤ ገና መጀመሯ ነው። አቶ ሃድጉ ማስረዳት ሊጀምሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ስመኝ እጇን ዘረጋችና አስቆመቻቸው።

«አንተ ቆይ» አለቻቸው። ወደ ሴቲቱ ዞራም «የኔ እመቤት፣ ማኅሌት ቆመሽ ታውቂያለሽ?» አለች።

ከዚያ ቀጥሎ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ መሪው፣ ስለ ተቀባዩ፣ ዝም ብላ ስለምትቆመው ክኒንና፣ ምን ይደረግ፣ ስለ 1958ቱ ቂርቆስም አስረዳቻት። ሴቲቱ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ኋላ ሳቀች። የወተቱንም ነገር አልደበቀቻትም። አቶ ሃድጉ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ መድኃኒት ቤታቸው ተማሪ ሆነው፣ ክርናቸውን በባንኮው ላይ አስደግፈው አዳመጡ። መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ።

እኔ በዚያን ቀን ሁለት ነገር አወቅሁ። አንደኛው፣ እነዚህ አስረጂዎች ለየሰፈሩ የታደሉት ሊያሰለቹን ሳይሆን ስለሚያስፈልጉን ነው። ሁለተኛው፣ አንድ አስረጂ በቃን ስል አቶ ሃድጉ በቤቴ ሌላ ጨመሩብኝ። ዛሬ የደም ግፊት ክኒኔን ስመኝ ሳታስረዳኝ አልውጥም፤ ደስ ብሎኝም እሰማታለሁ።

የሁሉ ጌታ መጋቤ ክኒን ሃድጉን በዕድሜና በጤና ይጠብቅልን። ወይዘሮ መድኃኒትን ከጎናቸው አያጉድል፤ በራቸውን አይዝጋ፤ ቤታቸውን በበረከት ይሙላ፤ የሚሰማቸውንም ሰው አያሳጣቸው። አሜን።